የላክሁልሽን የኪኒን ፕሮግራም ቅደጂው

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ድካሙ ቀለል አለሽ? ሦስተኛ ወሩን የያዘው ጽንስስ እንዴት አድርጎሻል? እኔና እናትሽ አለን፤ ግን ባልሽ ትናንት ከደወለ ወዲህ ሁለታችንም እህል አልወረደልንም።

የታይሮይድ ኪኒኑን «አልረዳኝም፣ ለልጁም እፈራለሁ» ብለሽ ከተውሽው አሥራ አንድ ቀን ሆኖሻል አለን። ጥፋቱ የእኔ ነው። ስደውልልሽ ኀፍረት አፌን ያዘኝ፤ አንቺም «ደህና ነኝ አባዬ» ብለሽ ዘጋሽው። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ጽፌ ነገ ወደ አንቺ በሚመጣው በሾፌሩ ጎረቤታችን እጅ ልኬዋለሁ።

እንደምታውቂው የእኔም ታይሮይድ የሚባለው የአንገት ዕጢ ከሰነፈ ሁለት ዓመቱ ነው። ኪኒኑን፣ ለአጥንቴ የታዘዘልኝን ካልሲየምና ወተት የበዛበትን ሻይ በአንድ ትሪ ደርድሬ ጠዋት ልክ አሥራ ሁለት ተኩል ላይ እወስድ ነበር፤ በየቀኑም ደብተሬ ላይ ምልክት አደርጋለሁ። ያንኑ ፕሮግራም አስምሬ ላክሁልሽ፤ በካልሲየሙ ቦታ ለደም ማነስ የምትወስጂውን አይረን አስገብቼ።

እኔ ግን ባሰብኝ። ፀሐይ ላይ ሁለት ሹራብ ደርቤ ስንቀጠቀጥ እናትሽ «ጡረታ የወጣኸው ከሥራ ነው ከሰውነትህ?» ትለኛለች። ባለፈው ሰኞ የጤና ጣቢያችን ነርስ አወሳሰዴን ስትጠይቀኝ ደብተሬን በኩራት ዘረጋሁላት። አገላብጣ አየችና «መምህር፣ አንድም ቀን አልቀሩም፤ ሁሉንም ቀን ግን ተሳስተዋል» አለችኝ። ካልሲየምም አይረንም መድኃኒቱ ወደ ደም እንዳይገባ ያግዱታል፤ ከእሱ አራት ሰዓት መራቅ አለባቸው። ኪኒኑ በባዶ ሆድ፣ በውሃ ብቻ ነው፤ ቁርስ ቢያንስ ከግማሽ ሰዓት በኋላ። ወዲያው አንቺ ትዝ አልሽኝ። ነገ እነግራታለሁ እያልሁ ግን አምስት ቀን አሳለፍሁ።

ዛሬ ጠዋት ወደ ነርሷ ተመልሼ ለጽንሱ ፈርተሽ ኪኒኑን መተውሽን ስነግራት ፊቷ ተለዋወጠ። መድኃኒቱ ልጁን አይጎዳውም፣ የሚጎዳው መተዉ ነው፣ እንዲያውም ለነፍሰ ጡር መጠኑ ሊጨመር ይችላል አለችኝ። ባልሽ እንደነገረን በኪኒኑ ፋንታ የያዝሽውን በእግር መሄድና በጊዜ መተኛት ቀጥዪ፤ ኪኒኑን ግን አይተኩም። ይህ ደብዳቤ በደረሰሽ ዕለት ሐኪምሽ ዘንድ ሂጂ። ስንት ቀን እንደተውሽው አትደብቂ፤ ደምሽ ይመርመር፣ መጠኑንም ሐኪሙ ይወስን። ያለፈውን ለማካካስ ብለሽ በራስሽ እንዳትደራርቢ።

ለባልሽ ሰላምታዬ ይድረሰው፤ አሳባቂ ብለሽ እንዳትቆጪው። ለአማትሽም እንዲሁ፤ የጠዋት ሻይሽን እንዲያዘገዩልሽ እለምናቸዋለሁ። እናትሽ ጉንጭሽን ትስማለች። ሆድሽ ውስጥ ላለው ደግሞ «አያትህ ተሳስቶ ነበር፤ እናትህ ግን ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ሄዳለች» ብለሽ ንገሪልኝ። ውሸታም አታድርጊኝ።

አባትሽ
ከቤታችን፣ ከሳሎኑ ጠረጴዛ
የካቲት ፱ ቀን