ያለ መርዶ ስላለቀሱ እናቶችና ስለታሸገው ቪዲዮ ቤት

ለከተማችን ነዋሪ ደስታና ሐዘን በኃላፊነት ለሚያስቡት ለተከበሩ ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎና ቤተሰብዎ፣ የጽሕፈት ቤትዎ ማኅተምም ሳይቀር፣ እንደምን ከረማችሁ እላለሁ። የዘንድሮው ውርጭ ለገብሳችንም አልራራ፤ ለእርስዎ ግን ይራራልዎ። እኔ ከመሐል ሜዳ ወደ ሞላሌ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለችው ከተማችን ቪዲዮ አሳይ የነበርኩት ውባየሁ፣ ሥራ ከመፍታቴ በቀር ደህና ነኝ። ይህንኑ አቤቱታ ሦስት ጊዜ በጽሕፈት ቤትዎ አስገብቼ መልስ ስላጣሁ፣ ፋይልዎን እንዳላጣብብ ብዬ በወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ። ተራ የሚጠብቅ ሰው ሁሉ ስለሚያነብልዎ እንደማይቀየሙኝ ተስፋ አደርጋለሁ።

፩ኛ፤ ቪዲዮ ቤቴን ራስዎ መጥተው ስለመረመሩልኝ አመሰግናለሁ። በ1994 ዓ.ም. ከደብረ ብርሃን በአውቶብስ አንድ ካሴት መጣልኝ። ነገሩ ብዙ አልነበረም፤ አዲስ አበባ ውስጥ ጉሊት የምትቸረችር አንዲት እናት፣ ልጇ ጠፍቶባት ከፖሊስ ጣቢያ ሆስፒታል ስትንከራተት ቆይታ፣ በመጨረሻ አስከሬኑን በሹራቡ ትለየዋለች። በገበያ ቀን ከሰዓት በኋላ ሳሳየው፣ ፈትል ሸጠው የሚመለሱት እትዬ ጌታነሽ ከጓደኛቸው ከእትዬ አየለች ጋር ገብተው አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ሹራቡ ሲወጣ እትዬ ጌታነሽ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው አለቀሱ። በሚቀጥለው ገበያ ያንኑ ፊልም ለማየት ተመልሰው መጡ፤ በሚቀጥለውም እንዲሁ።

እርስዎ ለሥራ ከሌላ አገር ስለመጡ ላያውቋቸው ይችላሉ። እትዬ ጌታነሽ ባላቸው ከሞተ የቆየ፣ አንድ ልጅ ብቻ ያላቸው ሴት ናቸው። ልጁ በኃይሉ በ1991 ዓ.ም. ወደ ባድመ ግንባር ዘመተ፤ አንድ ደብዳቤ ጻፈ፤ ከዚያ ወዲህ ወሬው ጠፋ። አብረውት የሄዱት ሲመለሱ እናቱን ባዩ ቁጥር መንገድ ይቀይራሉ። በእኛ አገር ደግሞ መርዶ ሳይመጣ ለልጅ ማልቀስ ሟርት ነው፤ ያለቀሰች እናት ልጇን በገዛ አፏ ገደለችው ይባላል። ስለዚህ እትዬ ጌታነሽ ሦስት ዓመት ሙሉ ዓይናቸው ደርቆ ኖሩ።

አንድ ቀን፣ “እትዬ፣ ይኼን ያህል የሚያስለቅስዎት ከሆነ ለምን ይመላለሳሉ?” ብዬ ጠየቅኋቸው።

“እኔ የማለቅሰው ለዚያች ለጉሊቷ ሴት ልጅ ነው፤ የእኔ ደህና ነው” አሉኝ፤ ቀጥለውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ “ለሰው ልጅ ማልቀስ ደግሞ ጽድቅ እንጂ ሟርት አይደለም” አሉ።

ወሬው ለካ ተሰምቶ ኖሮ፣ ልጆቻቸው ያልተመለሱላቸው ሌሎች እናቶችም መምጣት ጀመሩ። አግዳሚው አልበቃ ብሎ መሬት ላይ ጀንዲ አነጠፍኩላቸው። በለቅሶ ቤት ሙሾ የሚያወርዱት እትዬ አየለችም አንድ ቀን ዝም ማለት አቅቷቸው፣

ጎረቤት ሲያለቅስ አብሬ አለቀስኩ፣
የገዛ እንባዬን በሰው ስም አፈሰስኩ።

ቢሉ ቤቱ አንድ ላይ ተነፋረቀ። እኔም የጄኔሬተሩን ነዳጅ የማይ መስዬ ወጣሁ።

፪ኛ፤ ይህን ጊዜ የእርስዎ ደብዳቤ ደረሰኝ። “ፊልሙ ያልተረጋገጠ ሐዘን የሚያስፋፋና የሕዝቡን የልማት ስሜት የሚያቀዘቅዝ ስለሆነ ከዛሬ ጀምሮ እንዳይታይ” ይላል። ያልተረጋገጠ ሐዘን የሚለውን ቃል እኔ አርባ ዓመት ኖሬ አላገኘሁትም ነበርና ስላስተማሩኝ እግዜር ይስጥልኝ። በፋንታውም ስለ እርከን ሥራ የሚያስተምር ካሴት ልከውልኛል። ክቡርነትዎ ራስዎ ከሁለት ታጣቂዎች ጋር መጥተው በፊተኛው አግዳሚ ተቀምጠው ስላዩት፣ የሆነውን ያስታውሱታል። ለማያውቀው አንባቢ ግን ልንገር።

በፊልሙ ጎረምሶች ተዳፋት ላይ ተሰልፈው ድንጋይ ይክባሉ። ከመካከላቸው አንዱ አካፋውን ተደግፎ በክንዱ ላቡን ጠረገና ወደ እኛ ፈገግ አለ። እትዬ ጌታነሽ ከተቀመጡበት ተነሡ። እጃቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ ዘርግተው፣ “አቋሙን እዩት፤ ደክሞታል እኮ” አሉ። ሌላ አንድ ቃል አልጨመሩም። ከኋላ የነበሩት ሴቶች ግን እያንዳንዳቸው ከእርከን ሠሪዎቹ መካከል የየራሳቸውን ልጅ መፈለግ ጀመሩ፤ አንገት አገኘሁ፣ ትከሻ አገኘሁ የምትለው በዛች። ስለ አፈር ጥበቃ በተሠራ ፊልም ያን ያህል የተለቀሰበት አገር ያለ አይመስለኝም። እርስዎም በዚያች ሰዓት መነጽርዎን አውልቀው ሲጠርጉ ነበር፤ ብርድ ቤት ስለሆነ መነጽር ጉም ይይዛል።

በማግሥቱ ክፍሉ ታሸገ። ምክንያቱም “ተመልካቹ ማናቸውንም ፊልም ለለቅሶ የሚጠቀም መሆኑ ስለተረጋገጠ” የሚል ነው። ይህ እንኳ እውነት ነው፤ ተጣርቶ የተጻፈ ብቸኛው መስመር ስለሆነም አከብረዋለሁ።

፫ኛ፤ በሚቀጥለው ገበያ እትዬ ጌታነሽ መጥተው የታሸገውን በር አዩት። ማንበብ ስለማይችሉ በጣታቸው ማኅተሙን ነካክተው፣ “ምን ሆኖ ነው?” አሉኝ። ነገርኳቸው።

“ፊልሙ ይቅር። ባዶውን ክፍል ክፈትልኝና ትንሽ ልቀመጥ” አሉ።

“እትዬ፣ ያስሩኛል” አልኳቸው።

“እንግዲያስ ተወው። የእኔ ይበቃል፤ አንተ ደግሞ አትታሰር” ብለው ፈትላቸውን አንሥተው ሄዱ። ያን ቀን ሳልከፍትላቸው መቅረቴ እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል፤ በዚህ ብቻ እርስዎን አልከስም፤ የፈራሁት እኔ ነኝ። ኋላ እንደሰማሁት ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ጥግ ላይ ሊያለቅሱ ሞክረው፣ የሚሳለመው ሁሉ “ማን ሞቶ ነው?” እያለ ስላስጨነቃቸው ያንንም ተዉት።

፬ኛ፤ በ1995 ዓ.ም. መርዶው መጣ። ጽሕፈት ቤትዎ እናቶችን አደባባይ ሰብስቦ፣ እርስዎ ስም ዝርዝሩን አነበቡ። ስም በተጠራ ቁጥር አንዲት ሴት ትወድቃለች፤ ሰው ደግፎ ያነሣታል። የበኃይሉ ተራ ደረሰ፤ ተነበበ። እኔና እትዬ አየለች ልንደግፋቸው በግራና በቀኝ ያዝናቸው። እትዬ ጌታነሽ ግን አልወደቁም፤ አላለቀሱም። ዝርዝሩ እስኪያልቅ ቆመው ሰሙና ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ድንኳን አልተተከለም። ሰዉም ለፊልም ስታለቅስ ከርማ ለወለደችው ልጅ እንባ አጣች እያለ ያማቸው ጀመር፤ ከጎረቤት ሰላምታ የከለከሏቸውም አሉ። እኔም የሚያለቅሱበት ስፍራ ስለተወሰደባቸው እንባቸው ውስጥ ለውስጥ የቀረ ይመስለኛል፤ አቤቱታዬንም የጻፍኩት ክፍሉ ለአንድ ገበያ ቀን ብቻ እንዲከፈትላቸው ነው። ፊልም አላሳይም፤ ቴሌቪዥኑንም አወጣለሁ።

ለሕዝብዎ ዓይን መድረቅ ያለመታከት ለሚደክሙት ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜ፣ ሰፊ ጠረጴዛ፣ የሚያነብልዎ ጸሐፊም እየተመኘሁ፣ ከእግርዎ ሥር በታላቅ አክብሮት እሰናበታለሁ።

የታሸገው ቪዲዮ ቤት ባለቤት
ውባየሁ

ተጨማሪ፤ ይህን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ እትዬ ጌታነሽን ልጠይቅ ሄጄ ነበር። ለምን እንዳላለቀሱ ነገሩኝ። እርስዎ በአደባባይ ያነበቡት “በኃይሉ ወሰኑ” ብለው ነው፤ በሰጧቸው ወረቀት ላይም እንደዚያው ተጽፏል። የልጁ አባት ወሰኔ ነበር። “የሌላ ሰው ልጅ ነው፤ እናቱን ፈልገው ይንገሯት እንጂ” አሉኝ፤ የበኃይሉንም ጋቢ አጥበው ፀሐይ ላይ አስጥተውት አየሁ። የቪዲዮ ቤቱ ጉዳይ ይቆይ፤ ክቡርነትዎ ያቺን አንዲት ፊደል ብቻ ያርሙልን።