አባባ በር ላይ የቆመ ዕለት

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ወገብህስ እንዴት ሆነልህ? ጣራ ላይ ስወጣ ይወጋኛል ብለኸኝ ነበር። ባለቤትህና ልጆቹስ ደህና ናቸው? ትንሿ ጥርስ አወጣች? እኔ በሕይወት አለሁ፤ ደህና ነኝ ብዬ ግን አልዋሽህም። እዚህ ጉጉት ሐይቅ በረዶው ገና አልለቀቀም። በረዶ የሆነው ሐይቅ ላይ የምንነዳበት መንገድ ግን መላሸቅ ስለጀመረ የጭነት መኪና ቀርቷል፤ ሱቁ ውስጥ የተረፈው ድንች ቡቃያ አውጥቶ ጺም አብቅሏል።

አትደንግጥ፤ መርዶ አይደለም። አባባ አልሞተም። በስልክ ያልነገርኩህ ስሙን ባነሳሁ ቁጥር «ሌላ ወሬ የለሽም?» እያልክ ስለምትዘጋብኝ ነው። ወረቀት አይዘጋም። ብትናደድም እስከ መጨረሻው አንብብልኝ።

ቬርናን ታውቃታለህ፤ የዓሣ አጥማጁ የሞርሊ ልጅ፣ ትምህርት ቤት ከኔ ሁለት ክፍል ዝቅ ብላ የነበረችው። ዴልበርትን አግብታለች። የዛሬ ስድስት ሳምንት፣ ሰማዩ በደመና በተደፈነበት ጠዋት፣ ጥቁር መነጽር አድርጋ ቢሮዬ ገባችና ሥራ ፈልጊልኝ አለችኝ። አውልቂው ሳልላት ራሷ አወለቀችው። የግራ ጉንጯ ወደ ውስጥ ገብቷል፤ የዓይኗ ነጭ በደም ተሸፍኖ አይታይም። በምን መታሽ ብላት «በጫማው» አለችኝ፤ ቀጥላም «እግሩ ውስጥ እንዳለ» አለች።

ያንን ጫማ ለዴልበርት የሰጠሁት እኔ ነኝ። አፍንጫው ብረት ያለበት የማዕድን ሠራተኛ ጫማ ነው። የኛ ቢሮ ሥራ ይኸው ነው፤ ጠዋት ማመልከቻ እንጽፋለን፣ መንጃ ፈቃድ እናስወጣለን፣ የማዕድኑ ካምፕ ለሚቀጥራቸው ጫማና የራስ ቁር እንሰጣለን፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሰዎቹ ክብ ሠርተው ይቀመጡና በሆዳቸው ያለውን ይናገራሉ። ክቡን የሚመሩት ኮኩም ፍሎራ ናቸው፤ መንደሩ በሙሉ ኮኩም፣ አያቴ፣ ይላቸው የለ። «ደመወዝ ያለ ልብ መጠጥ ይገዛል፤ ልብም ያለ ደመወዝ ይራባል» ብለው ሁለቱን ባንድ ጣራ ሥር ያዋሉት እሳቸው ናቸው።

ዴልበርት የኔ ኩራት ነበር። ቁፋሮው ላይ ዓመት ከመንፈቅ ሠርቷል። በመከር ሰክሮ ሥራ ገባና አባረሩት፤ እኔም ወደ ወንዶቹ ክብ አስገባሁት። ስድስት ማክሰኞ ተቀመጠ፤ በስድስተኛው አለቀሰ። እንባውን አመንኩት። ለካ ያለቀሰ ቀን ማታውን ነው ጉንጯን የሰበረው።

አባባም እዚያው ክብ ውስጥ ነው። መሳቅ ከፈለግክ ሳቅ። ሁለት ዓመት ሆነው። ማንም ሳይጠራው መጣ፤ ከሁሉም ቀድሞ ይመጣና ወንበር ይደረድራል፣ ሻይ ያፈላል። እኔ እንደ ማንኛውም ሰው ስሙን መዝግቤ አስገባሁት፤ ሌላ ቃል አልተነጋገርንም።

ለቬርና በካምፑ ወጥ ቤት ሥራ አገኘሁላት። ሁለት ሳምንት እዚያ ሠርታ ሁለት ሳምንት የምታርፍበት ነው፤ ዕረፍቱን ከተማ አክስቷ ዘንድ ልታሳልፍ ተስማማን። እስክትሄድ ኮኩም ፍሎራ ቤት ደበቅናት። አውሮፕላኑ ማክሰኞ ሰባት ሰዓት ላይ ነበር። የተሳፋሪውን ዝርዝር የሚጽፈው የዴልበርት ያጎት ልጅ መሆኑ ትዝ አላለኝም። ይህ የኔ ጥፋት ነው።

ማክሰኞ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ፣ ቬርና ኋላ ባለው የጫማ ክፍል ሆና ጫማ እየለካች፣ አባባም ወንበሩን እያዞረ ሳለ፣ በሩ አጠገብ የምትቀመጠው ጸሐፊያችን ግሎሪያ ወደ ውጭ አየችና «ዴልበርት መጥረቢያ ይዞ መጣ፤ ደግሞ ማን እንጨት ፍለጥ አለው?» ብላ ሳቀች። ወዲያው ገባት። መወርወሪያውን ልትቆልፍ ሮጠች፤ መስተዋቱ በላይዋ ወረደ። መጥረቢያው የሁለት ጣቶቿን ጫፍ ይዞ ሄደ። እኔ የጫማውን ክፍል ቆለፍኩና ቁልፉን ጡት መያዣዬ ውስጥ ከተትኩት።

አለመጮሁ ነው ያስፈራኝ። «እህቴ፣ አንቺን አልነካሽም። ሚስቴን ብቻ ስጪኝ» አለኝ። ቀድማ ወደ አውሮፕላኑ ሄዳለች አልኩት። መሬት ላይ የተቀመጠውን ሻንጣዋን በጫማው ገፋ አደረገና «ያለ ልብስ?» አለ።

አባባ የያዘውን ወንበር ቀስ ብሎ አስቀመጠ፤ መጥቶም ጀርባውን ለጫማው ክፍል በር ሰጠ። ሰባ አራት ዓመቱ ነው፤ ትከሻው ሟሙቷል፤ ብታየው አታውቀውም። «ዴልበርት፣ ቁጭ በል፤ ሻይ ፈልቷል» አለው። ዴልበርት ሳቀ። «አንተ ነህ ደግሞ መካሪ? ሚስትህን በጸጉሯ ይዘህ እስከ ሐይቁ ስትጎትታት መንደሩ ሁሉ በመስኮት ያይህ አልነበር እንዴ?» አለው።

አባባ ዓይኑን አልሰበረም። «ያየኝ ነበር» አለ። «አንድም ሰው ግን ከቤቱ አልወጣም። ዛሬ የቆምኩት ለዚህ ነው።»

የመጀመሪያውን በመጥረቢያው ጀርባ ነው የመታው። የትከሻው አጥንት ሲሰበር ሰማሁት። አባባ አልወደቀም። ሁለተኛውን በስለቱ መታው፤ የግራ ክንዱ ከላይ ተሰንጥቆ አጥንቱ ነጭ ሆኖ ታየኝ፤ ወዲያው ደሙ ሸፈነው። ተንበረከከ። ግን ተንበርክኮም በቀኝ እጁ የዴልበርትን እግሮች አቅፎ አልለቅም አለ። ዴልበርት በጉልበቱ አፉን ደጋግሞ መታው። አባባ የተሰበረ ጥርሱን ተፋና እንደገና አቀፈው። በሩ ውስጥ ቬርና «እኔን ስጡት! ሽማግሌውን ገደለው፣ እኔን ስጡት!» እያለች በሩን በጥፍሯ ትቧጥጥ ነበር። ዴልበርት ለሦስተኛ ጊዜ መጥረቢያውን አነሳ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ፖሊሶቹ ደጋግመው ስለጠየቁኝ በቁጥር አውቀዋለሁ። እሳት ማጥፊያውን ከግድግዳው ነቅዬ ማጅራቱን መታሁት። መጥረቢያው ከእጁ ወደቀ፤ እሱም አባባ እግር ላይ ተዘረረ። እዚያ ላይ ነበር ማብቃት የነበረበት። እኔ ግን ደገምኩት፤ ፊቱን ወደ ላይ ሲያዞር ፊቱን መታሁት፤ አራተኛውንም፣ አምስተኛውንም። ደስ እያለኝ ነበር ወንድሜ። ይህን ላንተ እንጂ ለሌላ ሰው አልጽፍም። ሰዎች ቁጣቸውን እንዲገዙ ክብ ውስጥ የማስቀምጥ ሴት፣ ብረቱ አጥንት ላይ ሲያርፍ ክንዴ እስኪደነዝዝ ደስ እያለኝ ነበር።

ለስድስተኛው ሳነሳ አባባ ከሥር፣ ደም በሞላው አፉ ተናገረ። «በቃ ልጄ። ወድቋል። ያኔ እኔን እንኳ አንዴ ነው የመታሽኝ» አለኝ።

እጄ አየር ላይ ቀረ። ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ እኔና አንተ ብቻ ነን የምናውቀው ብዬ ነበር የኖርኩት።

የሕመምተኛ አውሮፕላን ሦስቱንም ይዟቸው ሄደ፤ አባባን፣ ግሎሪያን፣ ዴልበርትን። የአባባን ክንድ ከትከሻው ቆረጡት። የዴልበርት አንድ ዓይን ጠፋ፤ ከሆስፒታል ሲወጣ ወህኒ ይጠብቀዋል። እናቱ ሱቅ ውስጥ አገኘችኝና ፊት ለፊቴ ቆመች፤ ትተፋብኛለች ብዬ ስጠብቅ «የልጄን ዓይን አጠፋሽው፤ የሰው ልጅ ደግሞ አተረፍሽ፤ እንግዲህ ምን ብዬ ልርገምሽ?» ብላኝ ዱቄቷን አንስታ ወጣች። ግሎሪያን ግን የሚያህላት የለም፤ «ከእንግዲህ በስምንት ጣት ነው የምጽፈው፤ ፊደል ቢዘል ቢሮው ይወቀስ» እያለች ሐኪሞቹን ስታስቅ ከረመች።

በአሥረኛው ቀን አባባን ልጠይቅ ሄድኩ። አጠገቡ ተቀመጥኩና መቼ ነው ያወቅከው አልኩት። «የዚያኑ ቀን» አለኝ። «እናታችሁን ምድጃው ሥር አንቄ ይዣት ነበር። ወንድምሽ ከፊቴ ሆኖ እጄን ሊያላቅቅ እየጎተተ ይለምነኝ ነበር። ታዲያ ማጅራቴን በፍልጥ ማን ይምታኝ?»

ታዲያ ልጅህ በኔ ፈንታ ሁለት ዓመት ሲቆለፍበት ለምን ዝም አልክ አልኩት። ጮህኩ መሰለኝ፤ ነርሷ ብቅ ብላ አየችን። ወደ መስኮቱ ዞሮ እንዲህ አለኝ፤ «የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ናት ብል፣ ይህች ሕፃን አባቷ ምን ቢያደርጋት ነው የመታችው ብለው ይጠይቁኛል። የአሥራ ሰባት ዓመት ጎረምሳ ከሆነ ግን ማንም ምንም አይጠይቅም። የኛ የነባሩ ሕዝብ ልጅ ሲታሰር ለምን ተብሎ መቼ ይጠየቃል። ይህንን ዐውቄ ነው ዝም ያልኩት። በክቡ ሁለት ዓመት ሁሉን ተናግሬያለሁ፤ ይኼን ግን ከጉሮሮዬ ላወጣው አልቻልኩም።»

ይቅር በለው ብዬ አልጽፍልህም። እኔም ይቅር አላልኩትም፤ እንዲህ ስልህ ደግሞ ሾርባውን በማንኪያ አጉርሼው ነው የወጣሁት። እንዴት አንድ ላይ እንደሚሆን አላውቅም። ፖሊሶቹ በር ሲያንኳኩ አንተ ፍልጡን ጨብጠህ ልትከፍትላቸው ስትሄድ እኔ አልጋ ሥር ነበርኩ፤ ጫማህን ብቻ ነበር የማየው። ያን ቀን «ዝም በይ፤ አንዲት ቃል እንዳትተነፍሺ» ብለኸኝ ነበር። ቃሌን ጠብቄያለሁ። በእማማ ቀብር ላይ እንኳ ከጉድጓዱ ማዶ ለብቻህ ቆመህ፣ መንደሩ «አባቱን ሊገድል የነበረው» እያለ ሲንሾካሾክብህ ጠብቄያለሁ።

ቬርና በሁለተኛው ቀን በሌላ አውሮፕላን ሄዳለች። ባለፈው እሑድ ደወለችልኝ። ለሁለት መቶ ሰው እንቁላል ትጠብሳለች፤ ክፍል የምትጋራት ሴት ታንኮራፋለች፤ «ለመጀመሪያ ጊዜ የአንድ ሰው ማንኮራፋት እየሰማሁ እንቅልፍ ወሰደኝ» አለችኝ። ጉንጯን በሚቀጥለው ወር ያስተካክሉላታል።

እኔን ነገሩ እስኪጣራ ከሥራ አሳርፈውኛል። የመጀመሪያውን መምታትሽን ሕግ ይፈቅደዋል፤ ከሰውዬው መውደቅ በኋላ ያሉት አራቱ ናቸው ጣጣው ይላል ጠበቃዬ። ግሎሪያ ልትጠይቀኝ መጥታ «አራቱን እኔ መታሁት እላለሁ፤ ጣቴን የበላው ሰው ነው፤ ለኔ ያዝናሉ» አለችኝ። የምሯን ነው። አይሆንም አልኳት። ለምን እንደሆነ አልገባትም፤ አንተ ይገባሃል። እስከዚያው ኮኩም ፍሎራ ሰውን ከማስቀምጥበት ወንበር ላይ እኔኑ አስቀምጠውኛል። «አሁን አንቺ ተናገሪ፤ እኛ እንሰማለን» ይሉኛል። ሦስት ጊዜ ተቀምጬ ሦስት ጊዜ ዝም ብያለሁ። ለሌላው ከመናገሬ በፊት ላንተ መጻፍ ነበረብኝ።

ሚያዝያ ሃያ የኔን ጉዳይ የሚያየው ዳኛ በአውሮፕላን ይመጣል። ከዚያ በፊት አንድ ነገር ላክልኝ፤ የዚያን ጊዜ ክስህ የተጻፈበት ወረቀት አንተ ዘንድ ካለ፣ ቁጥሩን ብቻ ገልብጠህ በፖስታ አድርግልኝ። ለምን እንደምፈልገው አትጠይቀኝ፤ ስልክ ደውለህም አትከልክለኝ። ካሁን በኋላ፣ ዳኛው ፊትም ቢሆን፣ ዝም በይ ብትለኝ አልሰማህም።

ያለህበት ከተማ ይሙቅልህ። እግርህ ጣራ ላይ አይንሸራተት፤ ልጆችህ ከጩኸት ርቀው ይደጉ። በእጅህ የሠራኸው ቤት ሁሉ የሰው መሸሸጊያ ይሁን። እማማ ካለችበት ሆና ትባርክህ።

አልጋ ሥር የተደበቀችው
ታናሽ እህትህ