የኋላ ክዳን ጎማ

ሚያዝያ 7

«ጋሼ፣ ማኪናዎ ጤነኛ ናት። የታመሙት እትዬ ናቸው።»

ቃል በቃል እንዲህ አለኝ፣ መካኒኩ ዋኘው። ሚስቴ ሸዋገነት አጠገቤ ቆማ እየሰማች። ጋራዡ በሙሉ ሳቀ። ማኪናዬ ባለ ሁለት በር የጣሊያን ስፖርት ናት፤ በዕድሜ ከእኔ ብዙም አታንስም። የጭስ ማውጫዋን እሱ ከቀየረላት ወዲህ ውስጧ ጭስ ጭስ ይላል፤ ሸዋገነትንም ያማታል። ፊዚክስ ለሚያስተምር ሰው እንዲህ ይባላል?

ሚያዝያ 9

አዘዞ ደርሰን ተመለስን። ሸዋገነት ራሷን ይዛ ወረደች፤ አስመለሳት። እናቷ ዳማከሴ ጨምቀው አጠጧት። «ምች ነው።» ምች! መስኮትሽን ክፈቺ ስላት «ንፋስ ይመታኛል» ትላለች። መርዙን እየማገች ንፋስ ትፈራለች... «ደንቆሮ» አልኳት፣ በእናቷ ፊት።

ሚያዝያ 10

ወረቀት አስገብቼ የኋላ ክዳኑን ዘጋሁበት። ስስበው ሹልክ ብሎ ወጣ። የክዳኑ ዙሪያ ጎማ አልቋል። ቧንቧውንም ዋኘው አሳጥሮ ቆርጦታል፤ ጭሱ ከሥር ይቀርና በክዳኑ ይገባል። አሳየሁት።

«ጋሼ ይሙቱ፣ ይቺ ቀዳዳ ሰው አትገድልም።»

እናያለን።

ሚያዝያ 13

«ና፣ እንሞክራት» ብዬ ዋኘውን ጫንኩት። ወደ ኮሶዬ። የሱን መስኮት ዘጋሁ፤ የእኔን በጣት ስፋት ክፍት ተውኩ፣ አፍንጫዬን እዚያው። ወለቃን እንዳለፍን ቀልደኛው ዝም አለ። ዳገቱ ላይ ላቡ መጣ።

«ጋሼ፣ በማርያም ይቁሙ... ራሴን...»

«ምች ነው። ዳማከሴ ይጨመቅልሃል።»

ሁለት ጠመዝማዛ ጨመርኩለት። መንገድ ዳር ተንበርክኮ አስመለሰ። ደስ አለኝ... በጣም።

ሚያዝያ 16

ዋኘው ጎማውን ቀየረ፣ ቧንቧውን አስረዘመ። ያለ ቀልድ። አሁን ወረቀቱ ቢሳብ ይቀደዳል እንጂ አይወጣም። ማታ የኮሶዬውን ለሸዋገነት እየሳቅሁ አወራሁላት። አልሳቀችም።

«ያንተ መስኮት ክፍት ነበር?»

«በጣት ስፋት።»

«የአዘዞ ዕለትስ?»

ምን ዓይነት ጥያቄ ነው?

ሚያዝያ 21

ኮላ ድባ፣ ወንድሟ ቤት ሄደች። በሚኒባስ። ላድርስሽ ብላት ማኪናዋን ዞር ብላም አላየች።

ብቻዬን አዘዞ ነድቼ ተመለስኩ፤ መስኮት ሁሉ ዝግ። ምንም አይሸትም። «ይሸትሻል?» ብዬ ወደ ጎን ዞርኩ... ለማን?

ስልኬን አታነሳም። በወንድሟ በአቶ ክንዱ በኩል የምልከው ይኸው፦

«ማኪናዋ ተሠርታለች። የምትመለሺ ከሆነ ቀኑን፣ የማትመለሺ ከሆነ ምክንያቱን፣ እስከ ግንቦት ልደታ ድረስ በጽሑፍ አሳውቂኝ። በሰው አፍ የሚመጣ መልስ አልቀበልም።»