የወንድምሽ ሲኮ

ይድረስ ለልጄ፣ ለዓይኔ ብርሃን። በሰው አገር ክፉ አይንካሽ፣ የያዝሽው ሁሉ ይቅናሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴን ብቻ ያመኛል። እዚያ ብርድ ነው አሉ፣ ደርበሽ ልበሺ።

ሰዓት ሠሪው አባትሽ ካረፈ ወዲህም ሰዎች የድሮ የጃፓን ሰዓት እያመጡ "ይለዩልን" ይሉኛል። ከጀርባው ካለው ቁጥር የመጀመሪያው የተሠራበትን ዓመት፣ ሁለተኛው ወሩን እንደሚናገር እሱ አስተምሮኝ የለ? ማክሰኞ ዕለት አንድ ነርስ ሲኮ ሰዓት ይዞ መጣ።

"የማን እንደነበር ማወቅ ይቻላል?" አለኝ።

ክዳኑን ከፈትኩት። ከውስጥ በመርፌ የተጫረ የአባትሽ ጽሕፈት አለ፦ "ለበኩር ልጄ"። ወጥቶ የቀረው የወንድምሽ ሰዓት ነው።

"ከየት አገኘኸው?"

"አባቴ ነው የተወልኝ፣ እማማ። ሌላ ከተማ የሆስፒታል ዘበኛ ነበር። ከዐሥራ አንድ ዓመት በፊት መኪና የገጨው ወጣት 'ለእናቴ ስጥልኝ' ብሎት፣ ስሙን ሳይናገር ሞተ። አባቴ እናቱን ሲፈልግ ኖሮ አለፈ።"

"እናቱ እኔ ነኝ" አልኩት። አብሮኝ አለቀሰ፤ ሰዓቱንም እጄ ላይ አሰረልኝ።

የሚሠራው ክንድ ሲንቀሳቀስ ነውና እንዳይቆምብኝ ፈርቼ አላወልቀውም። ቁጭ ባልኩበት ሲመታ ስሰማ ወንድምሽ ከጓዳ የጠራኝ ይመስለኛል። "አቤት" እላለሁ።

ነርሱ አባቱ ያሳየውን የወንድምሽን መቃብር ሊያሳየኝ ቃል ገብቷል። ያላንቺ ግን እግሬ አይሄድልኝም። አደራሽን፣ ጥቂት ቀን ፈቃድ ጠይቀሽ ነይልኝ። ፈጣሪ በሰላም ያገናኘን።

ወንድምሽ ድንገት ከመጣ ብዬ ይህን ሁሉ ዓመት በሩን ቆልፌ አላውቅም ነበር። ትናንት ቆለፍኩት። ስትመጪ አንኳኪ።

እናትሽ