አሥራ ስምንት ደቂቃ አንተ ዘንድ

ሸዋሮቢት፣ ግንቦት 28 ቀን 2005 ዓ.ም.

ውድ አብዱልፈታህ፣

እናትህ ፈርመዋል። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ የምነግርህ ሌላውን ስትሰማ ልብህ እንዳይንጠለጠል ብዬ ነው።

ነገሩ የጀመረው ጥቅምት ላይ በአንድ የስልክ ጥሪ ነው። ደዋይዋ ኤሊዝ የምትባል ፈረንሳዊት ነበረች። ጅቡቲ ተቀምጣ በጥልቅ ባሕር የሰመጡ መርከቦችን የምትፈልግ ጠላቂ ናት። ስልኬን ያገኘችው ከድሮ የባሕር ኃይል ባልደረቦቻችን ነው። መርከባችሁን ሰማንያ አራት ሜትር ጥልቀት ላይ አገኘኋት አለችኝ። ፓምፕ እየጠገንኩ ነበር፤ እጄ ላይ ያለውን ቁልፍ መሬት አስቀምጬ ቁጭ አልኩ።

ግንቦት 1983 ከአሰብ ስንወጣ እኔ ፊተኛዋ መርከብ ላይ ነበርኩ፣ አንተ ኋለኛዋ ላይ፣ ሞተር ክፍል ውስጥ። ከኋላችን ከመርከባችሁ ጭሱ ሲነሳ አይቻለሁ። መርከባችን አልተመለሰችም፤ እኔም ተመለሱ ብዬ አልጮህኩም። ብጮህ የሚሰማኝ እንዳልነበረ አውቃለሁ፤ ግን አልጮህኩም።

ከዚያ በኋላ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እናትህን አልጠየቅኳቸውም። በፈቃድ ስንመጣ ሁለቴ ቤታቸው ሰንብቼ፣ እንደ ልጃቸው አብልተውኝ፣ አልጠየቅኳቸውም። ከየመን የስደተኞች ካምፕ ተመልሼ እዚህ የመስኖ ፓምፕ መጠገን ከጀመርኩ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሸዋሮቢት ገበያ ላይ አየኋቸው። ለለቅሶ መጥተው ኖሮ ከእህትህ ከፋዲላ ጋር ሽንኩርት ይመርጣሉ። በጆንያው ክምር ጀርባ ዞሬ ጠፋሁ። ይህን ለሚስቴ ለትርንጎ እንኳ ነግሬያት አላውቅም ነበር።

ኤሊዝ የደወለችው ወሬ ልትነግረኝ ብቻ አልነበረም። ብረት ለቃሚዎች እዚያ ባሕር ላይ መሥራት ጀምረዋል። ከአንዲት ሌላ መርከብ የነሐሱን ፕሮፔለር ቆርጠው ሲወስዱ ውስጥ የነበረውን የሰው አፅም በትነውታል። የእናንተዋ በጦር መቃብርነት ከተመዘገበች ግን ማንም አይገባባትም፣ ማንም ምንም አያነሳባትም። ለዚህ የጅቡቲ የባሕር ጠረፍ ቢሮ የሟቾችን ስምና የቤተሰብ ፊርማ ይፈልጋል። የአሥራ ዘጠኛችሁንም ስም በቃሌ ነገርኳት። ፊርማውን እኔ አመጣለሁ አልኳት።

መጀመሪያ የሄድኩት እናንተ ቤት ነው። በደብረ ብርሃን ዞሬ የአንኮበርን ቁልቁለት በጭነት አይሱዙ ወርጄ አሊዩ አምባ ገባሁ። እማማ ናፊሳ ዓይናቸው ደክሟል፤ ድምፄን ግን አልሳቱትም። የመጣሁበትን ስነግራቸው ወረቀቱን በእጃቸው ጀርባ ገፉት። ኢብራሂም የሚባል የካራቆሬ ነጋዴ፣ የመን ሁዴይዳ ወደብ ላይ አንተን ከሚያውቅ ሰው ጋር ተገናኝቶ፣ ሞተሪስቱ አብዱልፈታህ በመርከቧ ትንሽ ጀልባ አምልጧል ብሎ እንደነገረው አውርቶላቸዋል። እናትህ በዚህ ወሬ ነው የኖሩት። ፋዲላ ግቢ ድረስ ሸኝታኝ፣ ለአንተ ዱዓ የምታደርገው በልቧ ብቻ እንደሆነ፣ እናቷ እየሰሙ የሟች ዱዓ ማድረግ እንደማትችል ነገረችኝ።

ልወጣ ስል እናትህ ጠሩኝ።

“ወልደማርያም፣ በዓይንህ አይተኸዋል?”

“አላየሁም።”

“እንግዲያው ሳታይ የልጄን መቃብር አታስፈርመኝ። ጠላቂ አይደለህም እንዴ? ውረድና እይ። ያየኸውን አምንሃለሁ።”

እኔ አርባ ሰባት ዓመቴ ነው። የመጨረሻ የጠለቅኩት ባሕር ኃይሉ ሳይፈርስ ነበር። ለትርንጎ ስነግራት እስክትቆጣ ጠበቅኩ፤ እሷ ግን ትንሽ አሰበችና፣ ካልሄድክ እኔንም እንቅልፍ ትነሳኛለህ አለችና ልብሴን ማጠብ ጀመረች።

ጅቡቲ ሦስት ወር ተኩል ተማርኩ። እኛ ጠላቂዎቹ አሰብ ላይ በተራ አየር አርባ ሜትር ስንወርድ ጀግና የሆንን ይመስለን ነበር። መርከባችሁ ባለችበት ጥልቀት ግን ተራ አየር እንደ አረቄ ያሰክራል፤ ስለዚህ ሂሊየም የሚባል ጋዝ ይቀላቀልበታል። ጠላቂው አራት የጋዝ ሲሊንደር ተሸክሞ ይወርዳል፤ የትኛውን መቼ እንደሚተነፍስ አንዴ ቢሳሳት አለቀለት። ሲወጣም እየቆመ እየቆመ ነው፤ ከቸኮለ ጋዙ ደሙ ውስጥ አረፋ ሆኖ ሽባ ያደርገዋል። በመጀመሪያው ፈተና ሲሊንደር ተሳስቼ ኤሊዝ ወደ ኋላ መለሰችኝ። ወደ አገርህ ብትሄድ አላዝንብህም አለችኝ። በነጋታው ከሁሉ ቀድሜ ጀልባዋ ላይ ተገኘሁ። በሁለተኛው አለፍኩ።

ከመውረዳችን በፊት አስፈረመችኝ። ምንም አልነካም፣ ወደ ውስጥ አልገባም፣ ምንም ይዤ አልወጣም።

መጋቢት መጨረሻ ላይ ንፋሱ ጋብ ባለ ጠዋት ገመዱን ይዘን ወረድን። ሰማያዊው ጠቆረ፣ ከዚያ ቀዘቀዘ። ሰባ ሜትር ላይ መብራቴ አንድ ትልቅ ጥላ ነካ። በቀኝ ጎኗ ተኝታለች፤ የዓሣ መረብ ኋላዋ ላይ ተጠምጥሞባታል፤ መድፏ ላይ እንደ ጎመን የተከፈተ ነገር በቅሎበታል። ታች የተፈቀደልን ጊዜ አሥራ ስምንት ደቂቃ ነው።

የምፈልገውን ከመውረዴ በፊት አውቀው ነበር። ከመሪው ክፍል ኋላ፣ በግራ በኩል፣ ትንሿ ጀልባ የምትሰቀልበት። ኤሊዝ ከኋላዬ እያበራች ተከተለችኝ። ጀልባዋ አለች፣ አብዱልፈታህ። ወገቧ ተሰብሮ፣ ሆዷን ዓሣ ሞልቶት፣ ከቦታዋ አልተነሳችም። የተሰቀለችበት ሁለቱም መንጠቆ እንደተቆለፈ ዝጎ አንድ ሆኗል። ማንም አላወረዳትም። ማንም አልሄደባትም።

ከሞተር ክፍሉ በር አጠገብ ሰማያዊ ጠርዝ ያላት የቆርቆሮ ኩባያ በሁለት ብረት መካከል ተሰክታ አየሁ። የማን እንደሆነች አላውቅም፤ ሁላችሁም እንደዚያ ያለ ነበራችሁ። እጄ ሳላዝዘው ተዘረጋ። ኤሊዝ አልያዘችኝም፤ መብራቷን እጄ ላይ ብቻ አሳረፈች። መለስኩት። በሩ ክፍት ነበር። ውስጡን ማብራት አልተከለከልኩም፤ ግን አላበራሁም። አጠገቡ ቆሜ ስምህን ጠራሁ፤ አፌ ውስጥ መተንፈሻ ስላለ የወጣው ድምፅ ለሰው የሚገባ አልነበረም። ከዚያ ኤሊዝ በአውራ ጣቷ ወደ ላይ አሳየችኝ፤ ጊዜያችን አልቋል።

ለመውጣት ሁለት ሰዓት ያህል ፈጀብን። ስድስት ሜትር ላይ፣ የመጨረሻው ማቆሚያ ላይ፣ ገመዱን ይዤ አሰብ ዳርቻ ዋና ላስተምርህ ስሞክር አንገቴን አንቀህ ልትገድለኝ የነበረበት ቀን ትዝ አለኝ። “እግሬ መሬት ካልነካ እኔ ሰው አይደለሁም” ያልከው። መነጽሬ ውስጥ ሳቅኩ፤ ከዚያ ሳቁ ሳቅ መሆኑን ተወ።

ከጅቡቲ እንደተመለስኩ ቤቴ አላደርኩም፤ በቀጥታ አሊዩ አምባ ሄድኩ። ያየሁትን ሳልጨምር ሳልቀንስ ነገርኳቸው። እናትህ ሁለት ጊዜ መልሰው ጠየቁኝ።

“መንጠቆው ሁለቱም?”

“ሁለቱም፣ እማማ።”

“በዋና ወጥቶ ቢሆንስ?”

“ዋና አይችልም። ላስተምረው ሞክሬ ያቃተኝ እኔ ነኝ።”

ከዚያ ምን አመጣህልኝ አሉኝ። ምንም እንዳላመጣሁ፣ አንዲት ኩባያ አይቼ እንደተውኳት ስነግራቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ፋዲላ ልትናገር ስትል በእጃቸው ዝም አሰኟት። ቆይተው፣ ሌላ ሰው መጥቶ ያቺን ኩባያ ቢያነሳትስ ብለው ጠየቁኝ።

“ወረቀቱ የመጣው እሱን ለመከልከል ነው” አልኳቸው።

“ፋዲላ፣ ወረቀቱን አምጪው።”

ለሟች የሚባለውን፣ ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን ብለው አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክተው ወረቀቱ ላይ አሳረፉ። ፋዲላ ሃያ ሁለት ዓመት የያዘችውን ለቅሶ ለቀቀችው። እኔም የቀረኝን ልናገር ብዬ ጭሱን እንዳየሁ ነገርኳቸው። እናትህ ቀለሙን ከጣታቸው በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ፣ “ገበያ ላይ ስትሸሸኝ አይቼህ ነበር” አሉኝ። “ያኔ ነው አንድ የምታውቀው ነገር እንዳለ የገባኝ። እንዳልጠይቅህ ግን እኔም ፈራሁ።” ከዚህ ሌላ አልወቀሱኝም። እራት ሳልበላ አትሄድም ብለው አስቀሩኝ።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ በሌለህበት ሶላት ተሰገደልህ። ሼኩ በውኃ የሞተ ሸሂድ፣ ሰማዕት ነው ብለው አስተማሩ። እኔ ከመስጊዱ ግንብ ውጭ ቆሜ በራሴ ጸሎት ስምህን አነሳሁ። እናትህ ሲወጡ ክንዴን ይዘው ነው ወደ ቤት የተመለሱት።

ትናንት ኤሊዝ ደወለች። ያገኘሁትን የአሥራ አንድ ቤተሰብ ፊርማ ልኬላት ነበር፤ ቢሮው ይበቃል ብሎ ተቀብሎታል። ከእንግዲህ እዚያ ቦታ ላይ መልሕቅ አይጣልም፣ መረብ አይዘረጋም፣ ጠላቂ አይወርድም። እሷም አትወርድም። እኔም አልወርድም። ደንቡ ዘመድና ወዳጅ ብሎ አይለይም፤ እንዳይለይ ከጠየቁት አንዱ እኔ ነኝ። የጻፍኩልህም ለዚህ ነው፤ ወደ አንተ የሚወስደውን መንገድ በገዛ እጄ ዘግቼዋለሁና ከሌላ ሰው እንዳትሰማው። አልጸጸትም። አሥራ ስምንት ደቂቃ አገኘሁ፤ ይበቃኛል ባልልህም አብቅቼዋለሁ።

ከአሥራ ዘጠኛችሁ ውስጥ ቤተሰባቸው ያልተገኘ ስምንት አሉ። ምዝገባው ቢያልቅም ቤተሰቦቻቸው ልጆቻቸው የት እንደተኙ የማወቅ መብት አላቸው። የመጀመሪያው የማጀቴው ሙሉቀን ነው፤ አባቱ በሕይወት አሉ ተብያለሁ። ሰኞ እሄዳለሁ። ስምንቱም እስኪያልቁ አላርፍም።

ደህና ሁን፣ ወንድሜ። ማንም አይቀሰቅስህም።

ያንተው፣
ወልደማርያም