ሳልታመም የተጠየቅሁበት ሐሙስ

እማዬ፣ እናቴ፣

ከተለየሽኝ ሁለተኛው ክረምት ገባ። ጭላሎ ጉሙን እንደተከናነበ ነው፤ የአሰላ ብርድም አልተሻለውም። ማኅበርሽ አለልሽ። ጧሪ የሌላቸው አረጋውያን ዛሬም እዚያው ምሳቸውን ይበላሉ፤ ጣሪያው የሚያፈስባቸውም ይጠገንላቸዋል። ወንበርሽ ላይ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። ደም ግፊትሽንም አብሬ ሳልወርስ አልቀረሁም፤ ሐኪሙ ዕረፍት ካላደረግሽ የእናትሽ ዕጣ ይደርስሻል ብሎ አስፈራርቶኛል።

ስለዚህ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ደክሞሽ ያውቅ ነበር?

አልጋ ላይ የዋልሽባቸው የመጨረሻ ሳምንታት ትዝ ይሉኛል። ሊጠይቅሽ የመጣው ሁሉ ብርቱካኑን አስቀምጦ፣ እግዜር ይማርሽ ብሎ፣ ወዲያው ጉዳዩን ያነሳ ነበር። አንዱ ስለ ፈረሰ ግድግዳ፣ ሌላዋ ስለ ታመመች ጎረቤቷ። አንቺም ትራስሽን ደገፍ ብለሽ መላ ትፈልጊላቸዋለሽ። ቢሮው መኝታ ቤት ገባ ብዬ ስቀልድ ከሁሉ በላይ የሳቅሽው አንቺ ነበርሽ። እኔ ግን ተናድጄ ነበር፣ እማዬ።

ባለፈው ለማኅበሩ ስንዴ ልለምን በቆጂ ሄጄ፣ ሯጮቹን ፀሐይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ዛሬ ሥራ ፈታችሁ እንዴ ብዬ ብተርባቸው፣ አንዷ ኮስተር ብላ የዛሬው ፕሮግራማቸው ዕረፍት እንደሆነ ነገረችኝ። ዕረፍት ፕሮግራም ውስጥ ይገባል? ይኸው ነገር ሲገርመኝ አሰላ ደረስኩ። በሩጫ የሚኖሩ ልጆች ካረፉ እኔን ምን ያዘኝ?

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ቢሮውን ዘግቼ ቤቴ ጋደም አልኩ። ብዙም ሳይቆይ ግቢው በሰው ሞላ። ወተት የያዘ፣ ዳቦ የያዘ፣ ፊቱን ያጠቆረ። ለካ እኛ ዘንድ ሰው ካልታመመ አይተኛም! ጎረቤታችን አዴ ፋጡማ ግንባሬን ዳሰሱ፤ ትኩሳት አጡ። ደህና ነኝ፣ ደክሞኝ ነው ስላቸው ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። አንድ ሰውዬ ጉዳዩን ሊጀምር ጉሮሮውን ጠረገ። አዴ ፋጡማ ግን ቀደሙት። ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ እናትሽም እንዲህ ብላን ቢሆን እኮ ተነስተን እንሄድላት ነበር አሉ። ከዚያ ሰዉን ሁሉ ከፊት ከፊታቸው እየነዱ ወጡ፣ በሩንም ከውጭ ገጠም አደረጉት።

ብቻዬን ስቀር አለቀስኩ። አንቺ ነሽ ያልነገርሽን ወይስ እኛ ነን ያልጠየቅንሽ? እስካሁን አላወቅሁም። የሚነግረኝ ቢኖር፣ ይህንን ለማወቅ የማልሰጠው ነገር የለም።

በሙት ዓመትሽ ሰው ሁሉ ድካም የማታውቅ ሴት እያለ ሲያነሳሽ ዋለ። ይበሉ፣ በፍቅር ነው። እኔ ግን እንደዚያ አላስታውስሽም። ሰው ስለ አንቺ በጠየቀኝ ቁጥር፣ ደክሟት ነበር፣ እናቴ በጣም ደክሟት ነበር እላለሁ።

ልጅሽ