ያለ ፈቃድህ ትንሳኤን አዲስ አበባ ስለወሰድኳት

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ ወንድሜ ለጋሼ በፍቃዱ፤

በጌታ ሰላም እንደምን ሰንብተሃል? ጤናህስ? ያ የወገብህ ሕመም ተሻለህ ወይስ ዛሬም ዕቃ ስታነሳ ይይዝሃል? የሺሃረግስ እንዴት ናት? ጆሲ ጥርስ አብቅሎ የሳቀበትን ፎቶ አይቼ ብቻዬን ስስቅ ነበር። ጆሃንስበርግ ብርዱ ሳይገባ አልቀረም፤ ወፍራም ልበሱ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። እማዬም ገጠር፣ ባንኮ ጎቲቲ፣ ደህና ናት፤ ጉልበቷን ያማታል፣ አረፍ በይ ሲሏት ግን መቼ ትሰማለች።

ጋሼ፣ ይህን በስልክ ብነግርህ ግማሹን ሳትሰማ ትጮህብኛለህ፤ አውቅሃለሁ። ስለዚህ የበቀለ ልጅ ወደ እናንተ ሲመጣ በእጁ ላክሁልህ። ልብህ እንዳይሰቀል ከሁሉ አስቀድሜ ልንገርህ፤ እኔ ጋ ትተሃት የሄድህ ልጅህ ደህና ናት፣ አንድም ነገር አልሆነችም። ከዚህ በታች ያለውን ግን ቁጭ ብለህ አንብብ።

ትንሳኤን ጨምሮ የሰባተኛ ክፍል ተማሪዎቼን አዲስ አበባ ለጉብኝት እንደምንወስድ ስነግርህ፣ ልጄ የትም አትሄድም ብለኸኝ ነበር። እኔም እሺ አልኩህ። ከዚያ ትንሳኤ ሁለት ቀን ሙሉ እህል አልቀምስ አለች፤ አንጀቴን በላችው። የፈቃድ ወረቀቱ ላይ በወላጅ ቦታ ስምህን ጽፌ የፈረምኩት እኔ ነኝ። የወላጅ ፊርማ አስመስለው ያመጡ ተማሪዎችን ስንት ጊዜ ቀጥቻለሁ፤ እኔው ራሴ አደረግሁት።

አርባ አንድ ተማሪዎች፣ መምህር ወንድይፍራውና እኔ ሆነን በሱሀይል አባት አውቶቡስ ሄድን፤ ሹፌራችንም ሱሀይል ራሱ ነበር። መንገድ ላይ የማታውቁትን ሰው እንዳታናግሩ፣ ቢያናግሯችሁም እንዳትመልሱ ብዬ ደጋግሜ አስጠነቀቅኋቸው። በሁለተኛው ቀን አምስት ኪሎ ሙዚየም አይተን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስንወጣ፣ ትራፊክ ፖሊሱ እዚህ መቆም ክልክል ነው እያለ ሱሀይልን ያጣድፈዋል። እኔም ተጣድፌ ስም ጠራሁ። ትንሳኤ ስል አብራት የምትቀመጠው ሜሪ፣ አለች ብላ መለሰችልኝ። ክፍል ውስጥ ልማዳቸው ነው፤ አንዷ ሽንት ቤት ከሄደች ቀሪ እንዳይጻፍባት ጓደኛዋ አለች ትላለች። ይህን ልማድ ዓመቱን ሙሉ እያወቅሁ ዝም ብዬ ያለፍኩት እኔ ነኝ። መስቀል አደባባይ ስንደርስ ሜሪ፣ ትንሳኤ ከሽንት ቤት አልተመለሰችም ብላ ማልቀስ ጀመረች።

ስንመለስ ሙዚየሙ በር ላይ የለችም። ሽንት ቤቱን፣ ግቢውን፣ ፊት ለፊት ያሉትን ሱቆች ሁሉ አየን፤ የለችም። ወንድይፍራው ፖሊስ ጣቢያ ሮጠ፣ ሱሀይል ልጆቹን አውቶቡስ ውስጥ አድርጎ ጠበቀ። እኔ ዩኒፎርም የለበሰች ልጅ ባየሁ ቁጥር እየሮጥሁ ትከሻ እይዛለሁ፤ የሰው ልጅ ደንግጣ ታየኛለች። አሥር ሰዓት ሆነ፣ አሥራ አንድ ቀረበ። እውነቱን ልንገርህ፣ ከልጅቷ ይልቅ ለበፍቃዱ ምን እለዋለሁ ብዬ የፈራሁበት ጊዜ ነበር፤ በዚያ እስከ ዛሬ አፍራለሁ።

ከዚያ ዝናቡ ወረደ። ጎርፉ የአስፋልቱን ዳር ይዞ ቁልቁል ሲሮጥ ሳይ፣ አባባ በልጅነታችን ወደ ወርቃ ለቡና ለቀማ ሲወስደን የሚለን ትዝ አለኝ። ቡናው ውስጥ መንገድ ከጠፋችሁ ዳገት አትውጡ፣ ቁልቁል ውረዱ፤ ወንዝ ታገኛላችሁ፣ ወንዙን ይዛችሁ ስትሄዱ ቡና ማጠቢያው ጋ ሰው አይጠፋም ይል ነበር። ባለፈው ኅዳር እኔም ለትንሳኤ እዚያው ወርቃ ላይ ይህንኑ ነግሬያታለሁ። እኛ ደግሞ እስከዚያ ሰዓት የፈለግናት ወደ ላይ፣ ዳገቱን፣ በስድስት ኪሎ በኩል ነበር። ጫማዬን አውልቄ ቁልቁል ሮጥሁ። ከሙዚየሙ በታች ያለው ወንዝ ደፍርሶ እየሞላ ነበር፤ ያን ውሃ ሳይ የተሰማኝን አልጽፍልህም።

ወንዙን ይዤ ብዙ ከሄድሁ በኋላ፣ የወንዝ ዳር አትክልት የሚንከባከቡ ሴቶች ዝናብ የሚያሳልፉበት መጠለያ ውስጥ አገኘኋት። የአንዷን ነጠላ ደርበውላት ቁጭ ብላለች። ስምሽ ማነው፣ ከየት መጣሽ ቢሏት መልስ ስላጡ ዱዳ ናት ብለው ሲያዝኑላት ነበር። አፏን የዘጋሁት እኔው ነኝ፣ አታናግሩ ብዬ። ትምህርት ቤት ሁልጊዜ ቲቸር ነው የምትለኝ። እዚያ ግን አክስቴ አለችኝ፤ ውሃው ጋ እንደምትመጪ አውቄ ነበር፣ ግን ቆየሽ አለችኝ። ይዣት መሬት ላይ ተቀመጥሁ፤ ሴቶቹ ናቸው ያነሱን።

ዲላ እንደተመለስን ለርእሰ መምህሩ የፊርማውን ነገር ሳይቀር ተናገርሁ። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጠኝ፤ አነሰኝ እንጂ አልበዛብኝም። የአንተን ፍርድ ግን ገና አልሰማሁም። ከዚህ በኋላ እማዬ ጋ ትቀመጥ ካልህ ልብሷን አጥቤ እወስዳታለሁ፣ አንድ ቃል አልመልስልህም። እሷ እንዳልነግርህ ለምናኝ ነበር፤ እምቢ አልኳት።

አንድ ነገር ልጨምር። ስትደውል አሁን የት ናት ትለኛለህ። ቤት ናት እልሃለሁ። ጥቂት አውርተን መልሰህ የት ናት ትላለህ። ይሰለቸኝ ነበር፤ ለየሺሃረግም አምቼሃለሁ። ያን ቀን ሁለት ሰዓት ያህል እኔም የት ናት ስል ዋልሁ፣ ላብድ ምንም አልቀረኝም። አንተ እንዲህ ከሆንህ አራት ዓመትህ ነው። ይቅር በለኝ ጋሼ።

ለየሺሃረግ አንተው ቀስ ብለህ ንገራት፤ እስክትረጋጋ ወረቀቱን አትስጣት። ጆሲን ሁለቱን ጉንጮቹን ሳሙልኝ። እማዬ በጸሎት አልረሳቸውም ብላችኋለች፤ ወንድይፍራውም ሰላም ብሎሃል። ይህን ስጽፍልህ መሽቷል፤ እራት በልተን በሩን ዘግተናል። ትንሳኤ ቤት ናት።

እህትህ ማንጠግቦሽ
ዲላ፣ ግንቦት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.